ያወጣኸው ሳል

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» የምትለዋን ለመጻፍ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቃለህ፤ ታገሰኝ።

ልጄ ካረፈች በኋላ የቀረኝ አንድ ካሴት ነበር። ታማ አልጋ ላይ ሳለች የዘፈነችበት። አንተ ድምፅ ቀጂ ነህና ያንን አዲስ የሲዲ ማጫወቻ ተሸክመህልኝ መጣህ። አንድ ሲዲ መስኮቱ አጠገብ እያገላበጥክ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የሚበጠስ ክር የለው! የሚነካው ብርሃን ብቻ ነው። መቶ ዓመት አያረጅም» አልከኝ።

«መቶ ዓመት ማን ቁጭ ብሎ ሊሰማው?» ብዬ ቀለድኩብህ። ካሴቱን ግን ወደ ሲዲ እንድትገለብጥልኝ በመሐረብ ጠቅልዬ ሰጠሁህ።

በሳምንቱ ሲዲውን አመጣህ። እውነትም ጥርት ያለ ነው። ልጄ ግን የለችበትም። በየመሀሉ የምትስለው ሳል የለም። ትንፋሿ የለም። ግጥሙ ሲጠፋባት «ውይ!» ብላ የሳቀችው የለም። «እማ፣ ድስቱን ተይውና ነይ ስሚኝ» ያለችው የለም።

«ጫጫታውን አጸዳሁልሽ እኮ!» አልክ ደስ ብሎህ።

«ካሴቱስ?»

«ቴፑ በላው፣ እትዬ። ምን ላድርግ?»

አመንኩህ። አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ነህ፤ እንዴት አላምንህ?

ማክሰኞ ሱቅህ መጥቼ አጣሁህ። ስጠብቅህ ለሽያጭ ከደረደርካቸው የሰርግ ዘፈን ካሴቶች አንዱ ላይ ዓይኔ አረፈ። ካሴቱ ላይ ከለጠፍከው ወረቀት ሥር የልጄ የእጅ ጽሑፍ ብቅ ብሏል። ጥሩ ካሴት ስለሆነ መጣሉ አሳዘነህ፣ አይደል? ቤት ወስጄ ከፈትኩት። ከዳር እስከ ዳር ከበሮ ነው።

ማጥፋትህን ይቅር እልህ ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየህ መዋሸትህ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳሏን ለማውጣት ማዳመጫ ጆሮህ ላይ አድርገህ ደጋግመህ ሰምተኸዋል። ከእኔና ካንተ በቀር የሰማው ሰው የለም፤ እኔ ደግሞ ቅደም ተከተሉ እየጠፋብኝ ነው። የሳቀችው እኔን ከመጥራቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የጠራችኝስ ስንት ጊዜ ነው? መጥተህ ያወጣኸውን ሁሉ አንድ በአንድ ንገረኝ። ይቅርታ አትጠይቀኝ፤ ገና አልሰጥህም። ሰላም በለኝም አልልህም። ዝም ብለህ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ከመጀመሪያው ሳል ጀምር።

የልጅቱ እናት