ፋዱማ ያሰረዘችኝ መስመር

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በቀለ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ፋብሪካ ማሽኑ ሥር ስትቆም ይይዝሃል? እትዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የአርባ ምንጭ አየር ተስማምቶህ ረሳኸን እንዳልል፣ በየሳምንቱ ትደውላለህና አፌን ትዘጋዋለህ። እኔም እማዬም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ዘንድሮ ለጉድ ነው፤ እኔ ደግሞ ንዴት ተጨምሮበት በሁለት እሳት ነው የከረምኩት።

ባለፈው በስልክ «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ ምንም አልሆንኩም ያልኩህ ውሸቴን ነው። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። እንደምታውቀው ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ወዲህ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ኮሚቴውን የምመራው እኔ ነኝ። በየካቲት ከትምህርት ቢሮ ሊገመግሙን የመጡት ሰዎች ትምህርት ቤቱ ከደረጃ በታች ነው አሉ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወላጆች መክረው የፈረሙበት ዕቅድ ካላቀረባችሁ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ይዘጋል፣ ልጆቹም የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው ይማራሉ ብለውን ሄዱ። ደቻቱን መቼም ታውቀዋለህ። ደረቅ አሸዋ ነው ብለህ ስትገባበት፣ ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሳታስበው ይደርስብሃል። ወንዶቹ ይሻገሩ ይሆናል። ሴቶቹን ግን የሚልክ ወላጅ የለም፤ ከስድስተኛ ክፍል ይቀራሉ።

ሦስት ወር ለፋሁ። አጥር ማደስ፣ የዋናውን በር ማሳመር፣ ክፍሎቹን ቀለም መቀባት እያልኩ ያማረ ዕቅድ ጻፍኩ። ከዚያ ወላጆችን ለስብሰባ ጠራን፤ በስንት ሰዓት መሰለህ? ከቀኑ በስምንት ሰዓት! ድሬ ተወልጄ ድሬ አድጌ፣ በዚያ ሰዓት ወንዱ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ እንደሆነ፣ ሴቷም ጥላ ፈልጋ ጋደም እንደምትል እያወቅኩ፣ የሥራ ሰዓት ነው ብዬ የጥሪ ወረቀት በተንኩ። ከአራት መቶ ወላጅ አሥራ አንድ መጣ። ደግመን ጠራን፤ አሁንም በዚያው ሰዓት። ዘጠኝ መጣ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ሱሌማን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲጨንቃቸው ግን አቋራጭ ይወዳሉ። «ወረቀቱን በልጆቹ እንላክና እቤታቸው ይፈርሙ፤ ማን ያነበዋል?» አሉኝ። አይሆንም አልኩ። ተቆጡ፤ እኔም ተቆጣሁ፤ ቁጣዬን ታውቀዋለህ። ወላጅ ካልመጣ ወላጅ ወዳለበት እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ቀፊራ ገበያ ደረስኩ፤ ከእናቶቹ ብዙዎቹ እዚያ ነው የሚነግዱት። ቲማቲም የምትሸጥ ፋዱማ የምትባል እናት አለች። ልጇ ኑርሀን ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ ጎበዝ ተማሪ፤ ጥር ላይ አቋረጠች። እኛ አስተማሪዎቹ እናቷ ለገበያ ፈልጋት ነው ብለን ፈርደን ጨርሰናል። ፋዱማ ሣጥን ገልብጣ አስቀመጠችኝና በሶማሊኛም በኦሮምኛም ጎረቤቶቿን ተጣራች። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ከበቡኝ። ዕቅዱን ከመሃል ገልጬ ላነብ ስል «አቦ፣ ከመጀመሪያው አንብቢልን እንጂ!» አለችኝ።

መጀመሪያው ላይ ምን እንዳለ ያኔ ትዝ አለኝ። ስለ ወላጆች የሚጠይቀውን ክፍል፣ አንድም ወላጅ ሳልጠይቅ፣ ቢሮ ተቀምጬ ራሴ ነበርኩ የሞላሁት። «ወላጆች ስለ ትምህርት ያላቸው ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ይላል። መዝለል እችል ነበር፤ አነበብኩት። አንዷ ለጓደኛዋ ተረጎመችላት። ፋዱማ «ይሄን ማነው የጻፈው?» አለች። እኔ ነኝ አልኩ። ጋሼ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ወላሂ፣ ልጄ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ ውሃ አትቀምስም ነበር» አለችኝ። «በድሬ ሙቀት! ለምን? የናንተ መጸዳጃ ቤት በር የለውማ! ኩላሊቷን ታመመች። የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ አራት ቀን ቤት ትውላለች። እኔ ነኝ ግንዛቤ የሌለኝ?» ሌሎቹም እየተቀባበሉ የየልጆቻቸውን አወሩ። እኔ ሴት ሆኜ፣ በዚያ በር በሌለው ቤት ፊት በየቀኑ እያለፍኩ፣ የመምህራኑ መጸዳጃ ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ስላለ አላየሁትም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ፋዱማ ከዚህ በላይ አልወቀሰችኝም። እስክሪብቶዬን እያሳየችኝ «ሰርዢያት፤ ከዛ እናወራለን» አለች። እዚያው ፊታቸው ሰረዝኳት። ከዚያ ፀሐይ እስኪከር አወራን።

ቀለሙ ቀረ፣ የዋናው በር ማሳመሩም ቀረ። ከሁሉ በፊት የሚሠራው በርና ውሃ ያለው የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ሆነ። አባቶቹ ዘንድም በርጫቸው ላይ ሄድኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ብየዳ ቤት ያለው ዒጋል የሚባል አባት ግን ጓደኛውን «ዋሪያ፣ ሴቶቹ ቀደሙን እኮ!» ብሎ በሮቹን እኔ እሠራለሁ አለ። የጋሪ ሥራ ያላቸው አሸዋና ድንጋይ ሊያመላልሱ ተስማሙ። ድር ቢያብር እያልኩ ተረት አልተርትብህም፤ ጭቅጭቁም ብዙ ነበር። እናቶቹ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፦ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ቀፊራ መጥቼ የተሠራውንም ያልተሠራውንም እንድነግራቸው። ፈርሜያለሁ።

ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ፊርማና የጣት አሻራ ይዤ ተመለስኩ። አቶ ሱሌማን ቲማቲም የነካውን ወረቀት አይተው በንጹሕ ይገልበጥ አሉ። እንዳለ ይሄዳል አልኳቸው። ሳቁና ማኅተሙን መቱበት። ዕቅዱ ሄዷል፤ መልሱ ግን ገና ነው። ቢሆንም የመጸዳጃ ቤቱ ቁፋሮ ሰኞ ይጀመራል። ክፍሎቹን እንዘጋለን ካሉ በየቢሮው እየዞርኩ እሟገታለሁ፤ ፋዱማ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች፣ እሷ ካለች ደግሞ ለእኔ የመናገር ተራ አይደርሰኝም። ኑርሀንን አግኝቼ በመስከረም ትመለሻለሽ ወይ ብላት «እስኪ በሩን ልየው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ታየዋለች።

እማዬ ለገና ካልመጣህ እኔው በባቡር እመጣብሃለሁ ትልሃለች፤ ወደ እናንተ የሚሄድ ባቡር እንደሌለ ብነግራት አልሰማም አለች። ለእትዬ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የላከችልኝን ነጠላ ለክብር ቀን ብቻ ነው የምለብሰው። ኃይለመለኮትን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ኳሱን ቀነስ፣ ደብተሩን ጠበቅ ያድርግ። ሃኒዬንም እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል ትገባ የለ? ማታ ከሥራ ስትገባ አጠገብህ አስቀምጣትና ትምህርት ቤት ስትውል ውሃ ትጠጣ እንደሆነ ጠይቃት። አባት ነኝ ብለህ አትፈር። እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ እዚህ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም አልጠየቅኩም።

እህትህ ጥሩወርቅ
ድሬዳዋ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.