እናትሽ የቀረችበት ዳገት

ሐይቅ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚን ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፤

ስደውልልሽ «ደኅና ነኝ አባዬ» ትዪና ቶሎ ትዘጊብኛለሽ። ደኅና እንዳልሆንሽ ባልሽ ትዕዛዙ ነግሮኛል። የሁለት ወር ፅንስ ሲወርድ ድንኳን አይጣል፣ ጎረቤት ለቅሶ አይደርስ፤ እዚያ ሐዋሳ ብቻሽን ተቀምጠሽ «ያን ጀሪካን ባላነሣ ኖሮ» እያልሽ ታለቅሻለሽ አለኝ።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አብራሽ የተማረችው የጎረቤታችን የአሊ ልጅ ሳጂዳ እዚያ አዋላጅ ናት።

«አባ የሻው፣ በስተርጅና አዋላጅነት ሊቀጠሩ ነው?» ብላ ሣቀችብኝ። ነገሩን ስነግራት ግን ወንበር ሳበችልኝ።

«ጀሪካኑ አይደለም» አለች። «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርደው ብዙው ሲፀነስ ጀምሮ አፈጣጠሩ ያልተስተካከለ ነው። ማንም ያጠፋው የለም። አንዳንዴ ወባም፣ ስኳርም፣ የእንቅርት ሕመምም ያመጣዋል፤ ከደጋገማት ትመርመር። አንዴ የወረደባት ግን አብዛኛዋ፣ ወላሂ፣ ቀጥሎ በደኅና ትገላገላለች።»

«ዳገት መውጣትስ?»

«አያስወርድም።»

«ረጅም ዳገት ቢሆንስ? በእግር?»

«እንዴ አባ! ሐዋሳ ሜዳ አይደለም? የምን ዳገት ነው ደጋግመው የሚጠይቁኝ?»

አመስግኛት ወጣሁ። ጥያቄዋን ላንቺ ልመልስ።

ካንቺ በፊት እናትሽ አንድ ወርዶባታል። ሁለት ወር ሆኗት፣ ለመስከረም ሃያ አንድ፣ ፅንሱን ለማርያም አደራ ልትል ግሸን በእግሯ ወጣች። በሳምንቱ ወረደ። እኔም «ማን ውጪ አለሽ? ልጄን በእግርሽ ጨረስሽው» አልኳት። አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩት። ይቅር በይኝ ግን አላልኩም።

አንቺን ከወለደች በኋላም ግሸንን አልረገጠችም። በየዓመቱ በሶዬን ቋጥራ እስከ አውቶቡሱ ትሸኘኝና «እኔን ጉልበቴን ያመኛል፤ ደጇን ሳምልኝ» ትለኝ ነበር። በዚያው ጉልበቷ ከሐይቁ ውኃ ቀድታ፣ እንስራ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አያት ነበር። አያለሁ እንጂ አላስተዋልኩም። ወይም ማስተዋሉን ፈራሁት፤ እግዜር ያውቃል።

ትናንት መቃብሯ ድረስ ሄጄ የሳጂዳን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። የራሴ ቃል ግን አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ልጄ፣ ትዕዛዙ ክፉ ቢናገርሽ፣ ዝም ቢልሽም፣ ይህን ደብዳቤ አስነብቢው። አንቺም በራስሽ ላይ አትፍረጂ።

ለመጪው መስከረም ግሸን ስወጣ በሶ የሚቋጥርልኝ የለም። ሰውነትሽ ከበረታ ነይና አብረን እንውጣ፤ ቀስ እንላለን። የእናትሽን ነጠላ አጥቤ፣ አጣጥፌ ሣጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ይዤው እወጣለሁ። ማርያም ደጅ ስደርስ ለእናትሽ የምለው አንድ ቃል አለኝ። እሷ በሕይወት ሳለች ለመናገር ሃያ ስድስት ዓመት ነበረኝ።

ማርያም እጅሽን ይዛ ታንሣሽ። ያጣሽውን በልጅ ሣቅ ትካስሽ።

በሩን ገርበብ አድርጎ የሚጠብቅሽ አባትሽ፣
የሻው ወንዱ