የአሥራ አንድ ባለ ባትሪ መሣሪያዎችና የአንድ ባለ ገመድ ግራይንደር ባለቤትነት

ለተከበሩ የኤግዚቢት ዕቃ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

እንደምን ከርመዋል? እርስዎም፣ መዝገብ ያዡም፣ በክፍልዎ በር ላይ የተንጠለጠሉት ሁለት ቁልፎችም በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልቀጥል፣ በስሜ የተከፈተው ክስ ገና ያልተዘጋ በመሆኑና በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ቃል ሁሉ ነገ ማስረጃ ሊሆንብኝ ስለሚችል፣ ስለ ጤናዬ ዝም ማለትን መርጫለሁ።

ስሜ በሁለት የተለያዩ መዝገቦችዎ ላይ ስለሚገኝ የትኛው እንደሆንኩ እንዳይምታታብዎ ላስታውስ። መታጠቢያ ቤቶችን፣ ምድር ቤቶችንና የልብስ ማጠቢያ ክፍሎችን የማድስ አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ ነኝ። ከሰባት ወር በፊት መጋዘኔ ተሰብሮ በባትሪ የሚሠሩ አሥራ አንድ መሣሪያዎቼ ተሰረቁ፤ በአራተኛው ቀን ሌባው ከነዕቃው ተያዘ፤ ዕቃው ለማስረጃነት ወደ እርስዎ ክፍል ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ልጅ ሆኜ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለውን ተረት ስሰማ ላሟ እዚያ ድረስ እንዴት እንደወጣች ይገርመኝ ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ በኤግዚቢትነት ተይዛ ነው።

ስለዚህ ከታች የተዘረዘሩትን ምስጋናዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ጥበቃው አመሰግናለሁ። የእኔ መጋዘን አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው፤ የእርስዎ ሁለት ቁልፍና አንድ ጠባቂ አለው። መሣሪያዎቹ በእኔ ቤት ሳሉ ሌባ ደርሶባቸዋል፤ በእርስዎ ቤት ግን ሌባም ባለቤትም ሊደርስባቸው አልቻለም።

2ኛ. መሣሪያዎቹን «በምን አኳኋን እንዳገኘሁ» በጽሑፍ እንዳስረዳ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ፤ ያን ጊዜ የተሰጠኝ ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ስለነበር እዚህ ላሟላው። መሣሪያ ስመርጥ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አላነብም። ዕቃውን ይዤ ክንዴን ወደ ኮርኒስ ዘርግቼ እስከ መቶ እቆጥራለሁ፤ ስልሳ ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ያ መሣሪያ የተሠራው ለሻጩ እንጂ ለእኔ አይደለም። ቀጥዬ ከኪሴ ባትሪ አውጥቼ እሰካበታለሁ፤ ካልገጠመ አመስግኜ እወጣለሁ። የባትሪ ነገር እንደ ጋብቻ ነው፤ አንዴ ከገቡበት ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ድሪሉ፣ መጋዙና ሴራሚክ መቁረጫው ግራይንደር አንዱን ባትሪ እየተቀባበሉ ካልሠሩ ሰው ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ሲፈልግ ይመሽበታል።

በዚህ ዓይነት አሥራ አንዱን ለመሰብሰብ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጥቂቶቹን ከሱቅ ገዛሁ፤ ክብ መጋዙን ጡረታ የወጣ አናጺ፣ ግራይንደሩን ደግሞ አገር ሊለቅ የተነሣ ቧንቧ ሠራተኛ ሸጡልኝ። ጡረታ የወጣ አናጺ ደረሰኝ አይቆርጥም። መጋዙን ሲያስረክበኝ ዐይኑ እንባ ማቅረሩን በማኅተም እንዲያረጋግጥልኝ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ሁሉንም ባለ ባትሪ ያደረግሁት ግን ለመዘነጥ ብዬ አልነበረም። የእኔ ሥራ ውሃ ባለበት ነው፤ በእርጥብ ወለል ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ መጎተት የት እንደሚያደርስ በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እርስዎም አሁን ያውቃሉ።

3ኛ. ማስረጃዎቼን አንድ በአንድ በትዕግሥት ውድቅ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። በእያንዳንዱ ባትሪ ሥር የባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ እንዳለና የነጥቡ ቁጥር ባትሪው የተገዛበትን ተራ እንደሚያሳይ አመለከትኩ። መዝገብ ያዡ የጥፍር ቀለም ማንም ከሱቅ ሊገዛው እንደሚችል አስረዱኝ። ባለቤቴን ከነብልቃጧ ይዤ ብቀርብ የብልቃጡን ደረሰኝ ጠየቁን። በመጨረሻ ሌባው ራሱ፣ እግዜር ይስጠውና፣ «የሱ ናቸው፤ ከሱ መጋዘን ነው ያወጣኋቸው» ብሎ መፈረሙን ጠቀስኩ፤ የሌባ ቃል እንደማይታመን ተነገረኝ። ከሰባት ዓመት ድካሜ በኋላ ስለ ባለቤትነቴ የመሰከረልኝ ብቸኛ ሰው እሱ ነበር፤ እሱም ስመ ጥሩ ሆኖ አልተገኘም። መዝገብ ያዡ ሲያጽናኑኝ፣ «ወንድሜ፣ ደረሰኝ ካለህ ዕቃ አለህ፤ ደረሰኝ ከሌለህ ያለህ ትዝታ ነው» ብለውኛል፤ ይህን የመሰለ አነጋገር ሰምቼ ባዶ እጄን መመለሴ ራሱ እንደ ትርፍ ይቆጠርልኝ።

4ኛ. ባትሪዎቹ ባዶአቸውን ወራት ከተቀመጡ ዳግመኛ እንደማይነሡ ገልጬ፣ ቻርጀሬን ይዤ መጥቼ በወር አንድ ቀን በኮሪደርዎ ላይ እንድሞላቸው ላቀረብኩት ልመና የሰጡኝን መልስ አስታውሳለሁ። ኤግዚቢት በተያዘበት ሁኔታ መቆየት እንዳለበት፣ የተሞላ ባትሪም የተያዘው ባትሪ እንዳልሆነ በማኅተም አስታውቀውኛል። ፍልስፍና ጥቂት አንብቤአለሁ፤ እዚህ ደረጃ የደረሰ ግን አላጋጠመኝም።

5ኛ. አሁን ወደ ባለቤቴ ወንድም እመጣለሁ። ሴራሚክ ሠራተኛ ነበር፤ የወለልን ዘንበል ማለት በዐይኑ ብቻ ስለሚያውቅ ሠራተኛው ሁሉ ውሃ ልክ ብሎ ይጠራው ነበር። ከሁለት ወር በፊት የአንድ ክሊኒክ ምድር ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ወለል እናለብስ ነበር። ወለሉ ከሥር ውሃ ያመነጫል፤ ጠዋት ጠርገን ያወጣነው እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። ይህን ስለማውቅ ሥራው ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ እርስዎ መጥቼ አሥሩ ይቅሩብኝ፣ ግራይንደሩንና ሁለት ባትሪ ብቻ በዋስ ይልቀቁልኝ ብዬ ለመንኩ። ደጅ ጠናሁ። ሁሉም በአንድ መዝገብ ስለተያዙ አንዱን ነጥሎ መልቀቅ እንደማይቻል በደብዳቤ መለሱልኝ። ከገበያ ርካሽ ባለ ባትሪ ገዛሁ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖ በሁለተኛው ቀን ተቃጠለ። ክሊኒኩ የሚከፈትበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ከጎረቤቴ ከብረት በያጁ፣ እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ ባለ ገመድ ግራይንደር ተዋስኩ።

ውሃ ልክ ሲያየው ሳቀ። «ወንድምዓለም፣ ይኼ ካንተ ጋር እኩያ ነው፤ ሁለታችሁም ጠዋት ጠዋት ሳታጉረመርሙ አትነሡም» አለኝ። ማራዘሚያውን ዘርግቼ ሶኬቱን የሰካሁት እኔ ነኝ። ይህን ለመርማሪውም፣ ለባለቤቴም፣ ለእናቷም ተናግሬአለሁ፤ ለእርስዎም እነግርዎታለሁ፤ የሰካሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ሴራሚክ ሲቆርጥ የግራይንደሩ ድምፅ አልተለወጠም፣ መዞሩን ቀጥሎ ነበር። ሮጬ ሶኬቱን እስክነቅል ድረስ እጁ አልለቀቀውም። ስነቅለው ሁለቱም አንድ ላይ ዝም አሉ።

6ኛ. በዚያው ዕለት የእርስዎ መዝገብ ያዥ ከመርማሪው ጋር መጥተው ግራይንደሩን በላስቲክ ጠቅልለው ሲወስዱ ያየሁትን ቅልጥፍና ሳላደንቅ አላልፍም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ተጠየቀ። የተዋስኩት እንደሆነ፣ እውነተኛ ባለቤቱም በያጁ እንደሆነ ተናገርኩ። መዝገብ ያዡ ቀና ሳይሉ «በእጅህ የተገኘ ያንተ ነው» ብለው ስሜን በባለቤትነት ጻፉ። ደረሰኝ አልተጠየቅሁም። የቀለም ነጥብ አልተፈለገም። እስከ ዛሬ ሰባት ወር ደጅ ጠንቼ በአሥራ አንድ ዕቃ ላይ ያላገኘሁትን ባለቤትነት፣ የእኔ ባልሆነ በአንድ ዕቃ ላይ በአምስት ደቂቃ አገኘሁት። በእጅ የተገኘ የያዡ ነው በሚለው ሕግ ከሄድንም አሥራ አንዱ መሣሪያዎች የሌባው ናቸው ማለት ነውና፣ ቢያንስ ለእሱ ያስረክቡት፤ ከእሱ ጋር በቀላሉ እንግባባለን።

ክሱ ደርሶኛል። «ለሥራው ተስማሚና ለሕይወት የማያሰጋ መሣሪያ ሳያቀርብ በመቅረት በቸልተኝነት ሰው እንዲሞት አድርጓል» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም የሐሰት ቃል አላገኘሁበትም። ተስማሚው መሣሪያ የት እንደነበር ግን አይናገርም። ከእርስዎ የምለምነው ይህን ብቻ ነው፦ ለወሩ መጨረሻ በተቆረጠው ቀጠሮ ያ ባለ ገመድ ግራይንደር ወደ ችሎት ሲመጣ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ ያለው ባለ ባትሪ ግራይንደርም፣ የእኔ ማመልከቻና ማኅተም ያረፈበት የእርስዎ መልስም አብረው ይምጡ። ሁለቱ ግራይንደሮች በዳኛው ፊት ጎን ለጎን ይቀመጡ። ይህን የምለው ከፍርድ ለመሸሽ አይደለም። ሶኬቱን የሰካ ሰው ከየትኛውም ችሎት ቢወጣ ወዴትም እንደማይሸሽ ከሁለት ወር ወዲህ ተምሬአለሁ። ተከሳሽ የሚቆምበት ሳንቃ ላይ ግን ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ እንዳለ በዐይኔ ለክቼ አይቻለሁ፤ ከእኔ ጎን ያለው ቦታ የማን እንደሆነ በመዝገብ ይጣራልኝ።

ለሥራዎ ጥንቃቄ፣ ለማኅተምዎ ጥራትና ለማይሰበረው ቁልፍዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣

በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ የአንድ ባለ ገመድ ግራይንደር ባለቤትነቱ የተረጋገጠለት
ሥራ ተቋራጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የባለቤቴ እናት ባለፈው ሳምንት ወደ ክፍልዎ መጥተው ልጃቸው ያን ቀን አድርጎት የነበረውን የሥራ ጫማ እንዲሰጧቸው ጠይቀው፣ የባለቤትነት ማስረጃ ይዘው እንዲመለሱ ተነግሯቸዋል። ጫማው ጥቁር ነው፤ ቁጥሩ አርባ ሁለት፤ የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አረማመዱ እንደዚያ ነበር። የገዛበትን ሱቅ እየፈለግን ነው።