አርባ ሁለቱ ሽመላዎች

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ? ያ የሚያስቸግርህ ወገብህ ተሻለው? እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ይላሉ፤ ደርበህ ነው የምትወጣው? እኛ በጤና በኩል አንታማም፤ ቤቱ ግን ከሄድክ ወዲህ ሰፍቶብናል።

ባለፈው ቅዳሜ የወንዙ የወፍ ቆጠራ ነበር። አስተማሪው እንደ ልማዱ ሸለቆውን ለሰፈሩ ሰው ሲያከፋፍል፣ ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን ለአባባ ሰጣቸው። አምና የጻፍክላቸው አንተ ዘንድሮ የለህምና ወረቀቱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አባባ የርቀት መነጽሩን ወደ አሸዋው አዙረው ትንሽ ቆዩና፣ "አርባ ሁለት ሽመላ፤ ጻፊ" አሉኝ። ቀና ብዬ ባይ ሽመላ የሚባል የለም። የክረምቱ ጎርፍ ያመጣው ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ነው ቁጥቋጦው ላይ ተቀዳዶ የሚውለበለበው። "ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ። አባቴን ምን ብዬ አያዩም ልበል? ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቁጥሩ ሲነበብ ጉድ ፈላ። ያንኑ አሸዋ ከማዶ ሆኖ የቆጠረው ልብስ ሰፊ፣ አንድም ሽመላ አላየሁም አለ። "አንተ ከጨርቅ ሌላ ምን ይታይሃል!" ብሎ ሰዉ ሳቀበት። አባባ ግን አልሳቁም። አስተማሪው ነገሩን ሊያበርድ የአምናውን ወረቀት አውጥቶ፣ "የእርስዎ ቁጥር እኮ አምና ከማዶው ጋር አንድ ነበር" አላቸው።

አባባ ተነሡ። "አምና ሠላሳ ስድስት ዳክዬ ነበር ያልኩት። ስንት ይላል?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"እንግዲያው የቆጠረው ልጄ ነው። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የዘንድሮውን ሰርዙት" አሉ።

አይ ወንድም ጋሼ! ይህን ሁሉ በሆድህ ይዘህ ነው የሄድከው? አልተቀየምኩህም፤ ግን ለእኔ ሹክ ብትለኝ ምን ነበረበት? ስንመለስ ክንዳቸውን ብይዛቸው አልከለከሉኝም። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለን። እሳቸው ግን ልጄ አጠገቤ ካልቆመ አላስነካም ብለው ድርቅ አሉ። ብለምን ብለምን ጆሮ ዳባ ልበስ። ሳምንት እንኳ ፈቃድ አይሰጡህም?

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች። ትንሿ ሚጡ የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ በስልክ እንዳትስቅባት አደራ ብላለች። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌርም በጣም ናፍቄዋለሁ ይልሃል። አባባ ግን የእኔን ሰላምታ ራሴ እጽፋለሁ ብለው ብዕሩን ተቀብለውኛል። መስመሩን ስተው በእኔ ጽሑፍ ላይ ቢወጡም ትነበባለች፦

ና።

ታናሽ እህትህ
ከቤታችን፣ ከድልድዩ አጠገብ
ጥር ፲፱ ቀን