ከጉዛራ ግንብ ላይ ያየሁት መኪና

ወረታ፣ ጥር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለኪዳን፤

ያለህበት ደቡብ አፍሪካ ሰላም ይሁንልህ። እኔ ደህና ነኝ አልልህም፤ ውሸት በቅቶኛል። እጄ ከጽሕፈት ርቆ ስለኖረ ይህን ስጽፍ ሦስት ቀኔ ነው። ስትደውል የማላነሣው ተቆጥቼ ነው።

እህትህ ፍሬህይወት ጎንደር ላይ ድንገት ታማ ማረፏን አንተ ታውቅ ነበር። የወንድሜ ልጅ ዘሩም ያውቅ ነበር። ጎረቤቴ ሸሪፋ እንኳ ታውቅ ነበር፤ ለካ ዘሩ ሊወስደኝ በመጣ ጠዋት ከሱቋ ወጥታ አቅፋኝ የቆየችው ለዚያ ኖሯል። ያላወቅሁ እኔ ብቻ።

ድንኳን እስኪተከል፣ አስከሬኗ እስኪደርስ እናትየዋ ከቤት ትውጣ ብላችሁ መከራችሁ። ዘሩ የኪራይ መኪና ይዞ መጣ።

«እቴቴ፣ ኪዳን ነው ያዘዘ! ዕድሜዎን ሙሉ ሩዝ ሲያርሙ ኖረው የጉዛራን ግንብ ሳያዩ ሊሞቱ ነው?»

«የሠራው ንጉሥስ መሞት መች ቀረለት?» አልሁት። ሳቅን። አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ገባሁ።

ፍርስራሹ ላይ ወጣን። «ለኪዳን ይላካል፣ ይሳቁ!» ብሎ በስልኩ አነሣኝ። ሳቅሁልህ። ፎቶው አንተ ዘንድ አለ።

«እዚህ ድረስ ከመጣን ጎንደር እንዝለቅና ፍሬን ልያት» ስለው፣ «መኪናው የተከራየው እስከዚህ ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ከታች፣ በአስፋልቱ ላይ፣ መኪኖች ተከታትለው ከጎንደር በኩል መጡ። የፊተኛው ሬሳ ሣጥን ጭኗል። አማተብሁ። «ነፍስ ይማር፤ እናት ካለችው እናቱን ያጽናት» አልሁ። ዘሩ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

ኪዳን፣ የገዛ ልጄን እንደ ባዳ አሳለፍኋት። ብትነግሩኝ ከጎኗ ተቀምጬ፣ በስሟ እየጠራሁ፣ «ይህ እንፍራዝ ነው፣ ይህ አዲስ ዘመን ነው፣ ሜዳችን ደረስን ልጄ» እያልሁ ባመጣኋት! ደጄ ስደርስ ድንኳኑ ቆሟል። መምሬ ገብረማርያም እጄን ይዘው አረዱኝ። ሣጥኑ በምስማር ተመትቷል። «ክፈቱልኝ» ብል «ይቅርብሽ» አሉኝ። ምኑ ነው የሚቀርብኝ? የወለድሁት ፊት?

«መንገድ ላይ ሰምታ እንዳትወድቅ ብዬ ነው» ማለትህን ዘሩ ነግሮኛል። ብወድቅስ? መውደቄ የእኔ አልነበረም?

ይህን ጽፌ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያ ባርኔጣ አለ። የማትሪክ ፈተና ጨርሰህ ከባሕር ዳር ስትመጣ ለአባትህ የገዛኸው። «አባዬስ?» እያልህ ስትገባ እሱ ከተቀበረ ወሩ ነበር። በደወልህ ቁጥር «እርሻ ወርዷል» ስልህ የከረምሁት እኔ ነኝ። ፈተናህ እንዳይበላሽ ብዬ። ያን ቀን ባርኔጣውን ራስህ ሰቀልኸው።

የእኔ ቀን ሲደርስ በዚያችው ሰዓት እንድትነግርህ ሸሪፋን አስምያታለሁ። መንገድ ላይም ብትሆን፣ ሥራ ላይም ብትሆን።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ፤ ሰው ግን ክፉውን አይደብቅህ።

ፎቶውን አታጥፋው። እሑድ ደውል። አነሣለሁ።

እናትህ እናኑ