ባንቴ ከሕያዋን ወይስ ከሙታን

ጅቡቲ፣ ፒኬ ዱዝ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለድሬዳዋዋ እመቤት፣ ለአያቴ ለእምዬ የውብዳር ባንቴ፤

እጅግ ከባድ ዜና ስላለኝ፣ ይህን የሚያነብልሽ ፀጉር አስተካካዩ ጫላ መቀሱን አስቀምጦ፣ ቆሞ ጮክ ብሎ ያንብብ። ጎረቤት ይሰብሰብ። ውሻው ይታሰር። እነሆ ይነገራል፦ አባትሽ ባንቴ መሳፍንት ተገኝቷል!

ነጠላሽን ለማዘቅዘቅ አትቸኩይ፤ ገና ነው። ጫላ፣ ውሃ ስጣት።

እኔ ልጅሽ ደስታው ደህና ነኝ። ሙቀቱ እንደ ሽሮ ያንተከትከኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ፒኬ ዱዝ በሚሉት የመኪና ማቆሚያ ከከባድ መኪኖች ላይ ጭነት ሳወርድ እውላለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ሾፌሮቹን አበሽቃለሁ። ባለፈው የሽብሩን ጫማ ተሳቢው ላይ ሰቅዬበት እስከ ድንበሩ ደወሌ በባዶ እግሩ ነዳ። ደብዳቤውን ይዞልሽ የመጣውም እሱ ነው፤ ካልደረሰሽ ምክንያቱን ታውቂያለሽ።

ስትሸኚኝ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ስልክ አትደውል፣ በስልክ አልሰማም። አባቴን ብቻ ፈልግልኝ። ቄሱ ስሙን ከሕያዋን ጋር ይጥሩት ወይስ ከሙታን፣ ይህን ሳላውቅ ልሙት?» አልሽኝ። አባትሽ ፍሬን ያዥ ሆኖ በባቡር ጅቡቲ ሲወርድ አንቺ ጥርስ እየቀየርሽ ነበር። ባቡሩ ተመለሰ፣ እሱ ቀረ።

መጀመሪያ እዚህ ጅቡቲ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቀብሩም ከጋብቻውም መዝገብ ባንቴ የለም። የድሮ የባቡር ሠራተኞች ስም ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ጨው ሟሟ። ሙሚን የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ዋሪያ! እስላሙን ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ትፈልገዋለህ? የኛን ልጅ ሲያገባ ኑረዲን ተብሏል። አባቴ ነው የኒካሁ ምስክር። ና፣ ቃዲው ቤት እንሂድ።»

ሄድን። ተገኘ። ኑረዲን፣ ቀድሞ ባንቴ፣ የመሳፍንት ልጅ፣ ነጃትን አገባ።

ጫላ፣ የሚቀጥለውን በዓይንህ ብቻ አንብብ። እስክትጨርስ ሳል። ወረቀቱ ላይ «የቀድሞ ሚስቱ ሞታለች» ይላል። እንደዚያ ብሎ ያስጻፈው ራሱ ነው። በዚያ ዓመት የእምዬ እናት ውቢት በሕይወት ነበረች፤ ባቡር በገባ ቁጥር ፀጉሯን ተሠርታ ጣቢያ ትወርድ ነበር። ይቺ ከአፍህ ከወጣች፣ ከባርኔጣህ ሥር መላጣ መሆንህን ለደንበኞችህ በሙሉ አሳውጃለሁ።

እምዬ፣ የጫላ ሳል አለቀ? አቧራ ነው፣ አትዘኚበት።

ሙሚን ሃያብለ ሰፈር ወዳለ የቆርቆሮ ቤት ወሰዱኝ። ሰባ ሊሞላት የደረሰ ሴት ያንቺን አፍንጫ ይዛ በሩን ከፈተችልኝ። ዙለይካ ትባላለች። እህትሽ ናት። ፎቶዋን ልኬልሻለሁ፤ መስታወት መስሎሽ ፀጉርሽን እንዳታበጥሪበት።

እናቷ ነጃት ካረፈች ቆይቷል። የአባቷ ዘመድ ነኝ አልኳት፤ ያንቺን ስም ግን አላነሳሁም። የዙለይካ አማርኛ ቁርጥራጭ ነው፤ የጎደለውን ሙሚን ከሶማልኛ ይሞሉላታል።

«አባቴ ቤት ውስጥ ዙለይካ ብሎኝ አያውቅም» አለችኝ። «የውብዳር ነበር የሚለኝ። የሞተ ቀን እንኳ የውብዳር፣ የውብዳር እያለ ተጣራ። አቤት፣ አለሁ ስለው ፊቴን አየና አለቀሰ። ያን ቀን ምን እንዳጠፋሁ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

እኔ፣ ለቄስ እንኳ መልስ የማላጣው ልጅሽ፣ ቶሎ ብዬ ተረጎምኩላት።

«በጣም የሚወደድ ልጅ ማለት ነው» አልኳት።

ዋሸሁ? አንቺው ፍረጂ።

አምቡሊ መቃብር ይዛኝ ሄደች። ድንጋዩ ላይ ኑረዲን ብቻ ነው የተጻፈው። በየዓመቱ ፍየል አርዳ፣ ሩዝ ቀቅላ ሰደቃ ታወጣለታለች። ስለዚህ የአባትሽን ተዝካር ሳትጠሪ በልተውልሻል። ቢጠሩሽም የእስላም ሥጋ ስለማትበዪ ሽሮሽን በሳህን ቋጥረሽ ነበር የምትመጪው።

እንግዲህ ለቄሱ ንገሪያቸው፤ ከሙታን ጋር ይጥሩት። ሃይማኖቱን ለውጧል፣ አንጠራውም ካሉሽ፣ እኔ ከሰባተኛ ክፍል የወጣሁ ነኝ፣ የሰማይ ቤቱን ሕግ አላውቅም። ግን ከቄሱ ጋር አትጣዪ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አንቺው ጥሪው። እሱ አንቺን ሲጠራ ነው የሞተው።

ጆሮሽን ባይመልስልሽ እንኳ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ጉልበትሽ ይጽና፤ እስክመጣ ጠብቂኝ፣ እኔ በር አልሳሳትም።

ከባድ ዜና ብዬ ያን ሁሉ ሰው ማስቆሜ አሳፈረኝ። ነገሩ እኮ ትንሽ ነው። አንድ ሰው ሥራ ወረደ፣ መሸበት፣ ሌላ በር አንኳኳ። በቃ ይኸው ነው። ጎረቤት ይበተን፤ ውሻውንም ፍቱት።

የማያርፈው ልጅሽ
ደስታው