አሮጌው ፊልም የተሸነፈበት ቅዳሜ

ለተከበሩ አቶ ወንዳወቅ፣
በፍኖተ ሰላም ከተማ የጮራ ፊልም አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ እንቅልፍዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ጥር ካደረጉት የሕዝብ ፍርድ ወዲህ እኔ እንቅልፍ ሸሽቶኝ ስገላበጥ ሳድር፣ እርስዎ ግን በየጠዋቱ ፊትዎ ወዝቶ በደጄ ሲያልፉ ስለማይ፣ ፈጣሪ ከአንዱ የነሳውን ለሌላው እንደሚደርብ ተረድቼ ስለ እርስዎ አመሰግነዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ራሴን ላስተዋውቅ። ገብረሰንበት እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በተንቀሳቃሽ ሲኒማ መኪና ከቡሬ እስከ አዴት፣ ከማንኩሳ እስከ ግሽ ዓባይ እየዞርሁ፣ በየገበያው ዳር ነጭ አቡጀዲ ወጥሬ ፊልም ሳሳይ ኖሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሽዎ የድሮ ፊልሞችን በአሮጌው ማሽን የማሳይ ሰው ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማሳይ ነበርሁ።

በታኅሣሥ መጨረሻ በአዳራሹ በር ላይ «አሮጌ ፊልም ይሻላል ወይስ አዲስ? ሕዝብ ይፍረድ!» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። አንድ ቅዳሜ ሁለት ፊልም በተከታታይ ይታያል፤ ተመልካቹ ሲወጣ አዲሱን የወደደ በቆሎ፣ አሮጌውን የወደደ ባቄላ ከቅርጫት ይጥላል፤ የተሸነፈው ወገን ከአዳራሹ ይወጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ወደዚህ ሥራ ከመጡ ጀምሮ የእኔን ቅዳሜ «የሙዚየም ቀን» እያሉ ሲቀልዱበት የኖሩ ሰው፣ በድንገት ለዳኝነት እንዲህ መቆርቆርዎ ልቤን ነክቶታል። «ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ይሏታል ጅግራ» የሚለውን ተረት ያን ቀን ለምን እንዳስታወስሁ ግን አላውቅም።

ከእኛ በኩል የቀረበው ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚሁ በቡሬና በማንኩሳ መካከል የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። በሐሰት ሌባ ተብሎ ስለተከሰሰ የበቅሎ ነጋዴ ይተርካል። አራት ጥቅል ነው፤ በአንደኛው ነጋዴው ከዳኛው ልጅ ጋር ይተዋወቃል፣ በሁለተኛው ይታሰራል፣ በሦስተኛው ችሎት ቀርቦ ሐሰተኛው ምስክር ይጋለጣል፣ በአራተኛው ሠርግ ነው። ከእርስዎ በኩል የቀረበው ደግሞ ዓለምን ዞረ የተባለለት አዲስ ግዙፍ ፊልም ነበር። አንድ ከተማ ሦስት ጊዜ ፈረሰ፤ ጀግናው ከሰማይ ሲወድቅ ቆቡ አልወደቀም። አርባ አንድ ፍንዳታ ቆጥሬያለሁ። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ግን አንድ ሰው እንኳ ርቦት እህል ሲቀምስ አላየሁም።

አሁን ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ፣ የመጋረጃው ጉዳይ። አሮጌው ፊልም የተመደበው ለስምንት ሰዓት ሲሆን፣ የምዕራቡ መስኮት መጋረጃ ለእጥበት የተላከው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ፀሐዩ ከሸራው መካከል ተቀመጠ፤ አዳራሹ ጮራ የሚል ስም ለምን እንደወጣለት ያን ቀን ገባኝ። አዲሱ ፊልም ሊጀመር ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው መጋረጃው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ መጣ። ለአጣቢው ያለኝን አድናቆት ያድርሱልኝ።

፪ኛ፣ ባቄላው የተቆላ ነበር። በቆሎው ጥሬ፣ ባቄላው ግን ቆሎ ነበር፤ ሰው አራት ሰዓት ሙሉ በእጁ ይዞት ሲቀመጥ ምን እንዲያደርግ ታስቦ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ድምፃችንን ቆርጥመን በላነው። እኔ ራሴ፣ አልዋሽም፣ ሁለት ቅሜያለሁ።

፫ኛ፣ ሦስተኛው ጥቅል ጠፋ። ሁለተኛው አልቆ ሣጥኑን ስከፍት ቦታው ባዶ ነው። ሕዝቡ ማፏጨት ስለጀመረ አራተኛውን ማሽኑ ላይ ከመስቀል በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ስለዚህ ተመልካቹ ነጋዴው እጁ ታስሮ ሲወሰድ ባየ በቅጽበት ሙሽራ ሆኖ አገኘው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቀጥሎ የሆነውን እርስዎም ያስታውሳሉ። ከማሽኑ አጠገብ ተነሥቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ አንቱታን ረስቼ፣ «ሌባ! ጥቅሉን አንተ ነህ የሰረቅኸው!» ብዬ በሰው ፊት ጮኽሁብዎ። እርስዎም ሳይቆጡ፣ እንዲያውም ፈገግ ብለው፣ «ጋሽ ገብረሰንበት፣ ምንም አልጠፋም። የድሮ ፊልም ሲፈጠርም እንዲህ ነው። ያኔ ማወዳደሪያ ስላልነበራችሁ ነው ጥሩ የመሰላችሁ» አሉኝ። ሰው ይበልጥ ሳቀ። በቆሎው ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት፣ ባቄላው ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ።

የእህቴ ልጅ ሕሊና፣ ቡሬ የምታስተምረው፣ ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ ነበር።

«አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለችኝ። «ጥቅሉ ባይጠፋም እንሸነፍ ነበር። በቅሎዋ አቀበቱን እስክትወጣ እኮ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል።»

«አቀበት ነዋ! በቅሎ እንዴት አድርጋ ትውጣው?»

«አዲሱ ደስ ይላል። ወዲያው ይረሳል፤ ግን ደስ ይላል። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቅ ከርሞ አንዳንዴ መርሳት ይፈልጋል።»

ያን ጊዜ የማስበው ስለ ፊልም ሳይሆን ስለ እርስዎ ነበር፤ የትኛው ሣጥንዎ ውስጥ፣ የትኛው መደርደሪያዎ ላይ እያልሁ።

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ የአዳራሹን ዘበኛ ፀጋውን በሩ ላይ አገኘሁት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ጠየቅሁት።

«በእኔና በአለቃ» አለ።

«በዚህ ሳምንት አለቃህ ገብቶ ነበር?»

«አልገቡም።»

«እንግዲያ ማን ገባ?»

ቆቡን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ በሚካኤል ይማሩኝ፤ ያስገባሁ እኔ ነኝ። እማማ ሠርክአዲስን ነው» አለኝ።

ወይዘሮ ሠርክአዲስ የማንኩሳ ሰው ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዝምተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መጥተው በግድግዳው በኩል የሚቀመጡ። የበቅሎ ነጋዴው ፊልም በታየ ቁጥር መጨረሻውን ሳያዩ ተነሥተው ይሄዱ ስለነበር ፊልሙን የማይወዱት ይመስለኝ ነበር። እኒህ ሴት በሥራ አስኪያጁ ተልከው ይሆን? ክቡር ሆይ፣ ጥርጣሬዬ ያኔም ከእርስዎ አልወረደም ነበር። በዚያው ዕለት ማንኩሳ ሄድሁ።

በሩን ሲከፍቱልኝ አልደነገጡም። እንደሚጠብቁት እንግዳ አስገብተው ወንበር ሰጡኝ።

«ጥቅሉን ወስደዋል ይባላል» አልኋቸው።

«ወስጃለሁ።»

«ማን ላከዎት?»

«ማን ይልከኛል አያ ገብረሰንበት? ማሽኑን ሰኞ ቆራሌው ሊወስደው ነው፣ ፊልሞቹም አብረው ይሄዳሉ ብሎ ፀጋው ነገረኝ። አለቃው ከቆራሌው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ሰምቶ።»

«መቼ ነገረዎት?»

«ሐሙስ።»

ሐሙስ፣ ክቡር ሆይ። ሕዝቡ የፈረደው ቅዳሜ ነው።

ከአልጋው ሥር ሣጥን ስበው ጥቅሉን አወጡት፤ በአዲስ ነጠላ ጠቅልለውታል። ባላቸው ደጀኔ በሃያ ሁለት ዓመቱ በቅሎ ነጂ ሳለ፣ ፊልም አንሺዎቹ ለችሎቱ ሕዝብ እንዲሆኑ ከቀጠሯቸው ሰዎች አንዱ ነበር። በኋላ ቤታቸው ሲቃጠል የሠርጋቸው ፎቶግራፍም፣ ሌላውም ነገር ሁሉ አብሮ ነደደ። የሟች መልክ በዓለም ላይ የቀረው በዚያ ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው።

«ዞር ብሎ ይስቃል» አሉኝ። «እንዳትስቅ ተብሎ ነበር። እሱ መቼ ሰው ያለውን ይሰማል?»

«ወይዘሮ ሠርክአዲስ፣ ይህ እኮ ስርቆት ነው።»

«ሦስቱን ትቼላችኋለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «እኔ የወሰድሁ ባሌን ነው።»

«ያለ ሦስተኛው ጥቅል ግን ፊልሙ መሳቂያ ሆነ። ተሸነፍን።»

«ፊልሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ እኔ ምን አውቃለሁ አያ? የምመጣው እሱን ለማየት ነበር።»

ዕድሜዬን ሙሉ የድሮ ፊልም ይበልጣል ብዬ የተከራከርሁ ሰው፣ ከተመልካቾቼ ሁሉ የማይቀሩትን አንዲት ሴት አግኝቼ፣ እሳቸውም ፊልሙን እንደማያዩ ነገሩኝ። ማንኩሳ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀብኝ።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሠርክአዲስና እኔ ጥቅሉን ይዘን አዳራሹ ደረስን። እርስዎ ገና አልገቡም። ባዬ የተባለው ቆራሌ ማሽኑን ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር ጋሪ ላይ አውጥቶታል።

«ይህ እኮ ይሠራል» አልሁት።

«የሞተ ነው ብለውኝ ነው የተስማማሁ።»

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ።»

ባዬ ሰዓቱን አየ፣ ወይዘሮ ሠርክአዲስን አየ፣ «በሉ እንግዲህ» አለ። ማሽኑን መልሰን አስገባን፤ መብራትም በዕድላችን ነበረ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ፀጋውን ጨምሮ ለአምስት ሰው፣ ሦስተኛውን ጥቅል አሳየሁ።

ከጀመርሁ አይቀር እውነቱን ሁሉ ልጻፍ። የዳኛው ሰው ሠራሽ ጢም በክርክሩ መሀል ወደ ግራ ይንሸራተታል። ምስክሩ ከሚገባው በላይ ይጮኻል። አንደኛው ተሸካሚ ከመሀሉ ተነሥቶ ወጣ። ግን ሕዝቡ ከችሎቱ ጀርባ ሲታይ አንድ ቀጭን ወጣት ዞር አለና ሳቀ፤ ጥርሱ ፍንጭት ነው። ወይዘሮ ሠርክአዲስ አላለቀሱም። እንግዳ ሲገባ ሰው እንደሚያደርገው ነጠላቸውን አስተካከሉ እንጂ። ይህን ጥቅል ምናልባት ሦስት መቶ ጊዜ አሳይቼዋለሁ። ዓይኔ ሁልጊዜ ፊልሙ እንዳይበጠስ ማሽኑ ላይ ስለነበር፣ ያን ልጅ አንድ ቀንም አላየሁትም ነበር። አፈርሁ።

ባዬም ሲያልቅ ተነሥቶ፣ «አባቴ፣ እኔ የሞተ ነገር ነው የምሰበስብ። ይህ አልሞተም» ብሎ ባዶ ጋሪውን ይዞ ሄደ። ወዲያው እርስዎ ደረሱ፤ የሕዝብ ውሳኔ መከበር እንዳለበት ገልጸውልን ማሽኑ እስከ እኩለ ቀን ከግቢው እንዲወጣ አዘዙ። ወጣ። አሁን ከአራቱ ጥቅሎች ጋር ማንኩሳ፣ ወይዘሮ ሠርክአዲስ ቤት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዐሥራ አንድ ጎረቤት መጥቶ አየ፤ ከጎረቤቶቹ አራቱ ተኝተዋል፤ በቅሎዋ አቀበቱን ስትወጣ ነው የተኙት። ሕሊና ልክ ነበረች፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በሰው ፊት ሌባ ያልሁዎትን በሰው ፊት አነሣለሁ። ጥቅሉን አልሰረቁም፤ ይቅር ይበሉኝ። የወሰዱት ፍርዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ከችሎቱ ሁለት ቀን አስቀድመው። በእኛ አሮጌ ፊልም ውስጥ ያለው ሐሰተኛ ምስክር እንኳ ችሎቱ እስኪሰየም ታግሦ ነበር። አዲስ ዘመን በሁሉ ነገር ይፈጥናል ማለት ይህ ነው።

ማሽኑ ይመለስልኝ፣ ቅዳሜዬ ይሰጠኝ አልልም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ዛሬም በበሩ ላይ ያለውን «ሕዝብ ፈረደ» የሚለውን ጽሑፍ ያርሙልኝ። «ሥራ አስኪያጁ ፈረደ፤ ሕዝቡ ባቄላ በላ» ቢባል ለታሪክ ይቀርባል።

የመስኮቶችዎ መጋረጃ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ስልክዎ ሁልጊዜ ካርድ የሞላው፣ ወንበርዎም ከእርስዎ ሌላ ተቀማጭ የማያውቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ) እጅ እነሣለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣
ገብረሰንበት
የቀድሞ ፊልም አሳይ፣ ፍኖተ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ረቡዕ ሌላ አዲስ ፊልም ሲያሳዩ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ አዲሱን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ፊልሙን ከቆመበት ሃያ አምስት ደቂቃ አሳልፎ ጀመረው። ዞር ብዬ አዳራሹን በሙሉ አየሁ፤ «ምን አመለጠን?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እርስዎም ከፊት ወንበር ነበሩ።